ቃላቱን ያስቀመጥኩበት ቤት

ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ቤቴን ከሞሉት ለቀስተኞች መካከል አንድም ቃል ያልተለዋወጥኩት ከምራቴ እናት ጋር ብቻ ነው። ከሰላሌ ገጠር ተነሥታ፣ በአዲስ አበባ በኩል ዞራ፣ ደብረ ብርሃን የደረሰችው በቀብሩ ማግስት ነበር። እሷ ከኦሮምኛ ሌላ አትናገርም፤ እኔ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ አላውቅም። ልጆቻችን ሲጋቡ ሰርጉ ላይ ተሳስመናል፣ ተያይተን ስቀናል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረንም።

ገባች፤ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ እኔ በተቀመጥኩበት ፍራሽ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እስከ ሠልስቱም ከጎኔ አልራቀችም። ነጠላዬ ሲንሸራተት ትመልስልኛለች። ውኃ ሲያመጡልኝ ብርጭቆውን ቀድማ ትቀበልና ቅዝቃዜው እስኪሰበር በሁለት እጆቿ አቅፋ ታቆየዋለች። የደብረ ብርሃን ውኃ ጥርስ እንደሚያሳምም በመጣች በሰዓታት ውስጥ ገብቷታል። ሰዎች «በቃ፣ ጠንከር በይ እንጂ» ባሉኝ ቁጥር እጇን ጉልበቴ ላይ ታሳርፋለች፤ አትስሚያቸው የምትለኝ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ መኪና ተገኘ ተባለና ሄደች። በወጉ እንኳ አልሸኘኋትም። ያን ሰሞን ማን መጣ፣ ማን ሄደ ብዬ የምጠይቅበት ልብ አልነበረኝም።

ልቤ ቀስ በቀስ ሲመለስ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መጀመሪያ ያስታወስኩት የእሷን እጅ ነው።

በስልክ ለማመስገን ሞክሬአለሁ። ምራቴ ለእናቷ ስትደውል «እስቲ ስጪኝ» ብዬ እቀበላለሁ። እኔ «ሰላም ነሽ?» እላለሁ፤ እሷ በቋንቋዋ አንድ ነገር ትላለች፤ ሁለታችንም ያልገባን ነገር እንዳስደሰተን ሁሉ እንስቅና ስልኩን ለምራቴ እመልሳለሁ። ምስጋናው እንዲህ እያለ ሲያድር ሲሰነብት እኔ ላይ ከበደ።

ከዚያ ምራቴ ፀነሰች። በእነሱም በእኛም ወግ የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ የሴቷ እናት መጥታ አራስ ልጇን ትንከባከባለች። መውለጃዋ ሲደርስ ደግሞ የምታርፈው እኔ ቤት ይሆናል ተባለ፤ የልጆቹ የኪራይ ቤት ጠባብ ነውና። ይህን ስሰማ አንድ ነገር ወሰንኩ። ያቺ ሴት ዳግመኛ በሬን ስትረግጥ ያልተናገርኩትን በራሷ ቋንቋ፣ በራሴ አፍ እነግራታለሁ።

ልጄ ሳቀብኝ። እሱ ኦሮምኛውን ከሚስቱ ለምዷል። «ምን አስጨነቀሽ፣ እኔ እነግርልሽ የለ?» አለኝ።

«አንተ ከነገርካትማ ያመሰገንካት አንተ ነህ» አልኩት።

ይህን ማለት ቀላል ነበር። ዕድሜዬ ስልሳን አልፏል፤ ሐዘን ደግሞ ከሰው ጭንቅላት ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ያየው ያውቀዋል። ምራቴ ውኃ «ቢሻን» ነው አለችኝ። ጎመን እየከተፍኩ «ቢሻን፣ ቢሻን፣ ቢሻን» እላለሁ። ጎመኑ ተከትፎ ሲያልቅ ቃሉ አለ፤ ጎመኑ ሲበስል ቃሉ የለም። በማግስቱ ሌላ ቃል፣ በማግስቱ ሌላ ጎመን። አንድ እሑድ ምራቴን ተስፋ ቆርጬ እንዲህ አልኳት። እኔ ጡረታ እስክወጣ መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት፤ የፋይል ቁጥር በቃሌ ይዤ አላውቅም፤ ነገር ግን የትኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከየትኛው ጀርባው ከተቀደደ ፋይል ሥር እንዳለ ስለማውቅ ሰው ስሙን ጠርቶ ሳይጨርስ እጄ እዚያ ይደርስ ነበር። ቃል ግን መደርደሪያ የለውም።

ምራቴ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቤተ ሙከራ ታስተምራለች። ሆዷ ያኔ ገፋ ብሏል። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ እንግዲያውማ ያውቁታል። እኔ አማርኛ የተማርኩት እኮ እንደዚያ ነው።»

ከሰላሌ ተመድባ ለትምህርት ወደ እኛ ከተማ ስትመጣ የትምህርት ቤት አማርኛዋ ገበያ ላይ ሽንኩርት እንኳ አልገዛ ብሏት ነበር። አንድ ክፍል አብራት የምትኖር ልጅ ናት ዘዴውን ያሳየቻት። ቃሉን የሚያስታውስ አንድ የሚያስቅ ሥዕል በሐሳብ ትፈጥሪያለሽ፤ ያን ሥዕል ደግሞ ዓይንሽን ጨፍነሽ በምታውቂው ቤት ውስጥ አንድ ቦታ ታስቀምጪዋለሽ፤ ስትፈልጊ በሐሳብሽ ቤቱ ገብተሽ ታነሺዋለሽ። ምራቴ የምታውቀው ቤት የእናቷ ቤት ነው። አማርኛውን ሁሉ እዚያ አስገባችው።

«ማንኪያ ጥጃው ከታሰረበት ጋ ነው» አለችኝ። «ጥጃው በማንኪያ ወተት ይጠጣል። ቀጠሮ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። ይሉኝታ ደግሞ በራፉ ላይ የቆመች እንግዳ ናት፤ ርቧት፣ ግቢ ሲሏት በልቻለሁ ትላለች።»

ይህ በጣም ገረመኝ። ያቺ አማርኛ የማትሰማ ሴት ቤቷ በአማርኛ ቃላት ተጨናንቆ ሳታውቅ ትኖራለች። ማለዳ ተነሥታ ጥጃውን ስትፈታ በማንኪያው ላይ ትራመዳለች።

እኔም ቤቴን ሰጠሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምራቴ ትመጣለች፤ ከአጥር በሩ ጀምረን እንዞራለን። እሷ ቃሉን ትነግረኛለች፤ ሥዕሉን የምፈልገው ግን እኔ ነኝ። ሰው ያዋሰህ ሥዕል አይቆይም ትላለች። አጥር በሩ ላይ አንድ ትልቅ ሻንጣ አስቀመጥኩ፤ ተከፍቶ ውኃ ያንዠቀዥቃል፤ ሻንጣውን ሳይ ቢሻን ይመጣልኛል። የቤቱ ደጃፍ ላይ የሰርግ ቬሎ የለበሰች ውሻ አስተኛሁ፤ ውሻ «ሰሬ» ናት። ምግብ ጠረጴዛው ላይ አንድ የእግር ኳስ ቡድን ከነታኬታው ወጥቶ እንጀራ ይሻማል፤ እንጀራ «ቡዴና» ነው። ምድጃዬ ላይ እሳቱ እንደ እብድ ለብቻው ያወራል፤ «ኢቢዳ»። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው የገንፎ ሳህን ይመርቃሉ፤ ገንፎ «መርቃ» ነው። አልጋው ላይ ራሷን ምራቴን አጋደምኳት፤ ሆዷ እንደ አንኮበር ተራራ ጣራው ድረስ ቆሟል፤ ሆድ «ገራ» ነው። ስነግራት «አንኮበርን የሚያህል?» ብላ ተቆጣች፤ እኔ የአንኮበሯ ጎረቤላ ልጅ ስለሆንኩ ከዚያ የተሻለ ምስጋና አላውቅም አልኳት። ብርድ «ቆራ» ነው ስትለኝ ደግሞ ሥዕል አላስፈለገኝም። እኛም ቁር እንለዋለን፤ ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው ይህን ቃል ልርሳው ቢልም አይችልም።

የሆነ ሰሞን እንደ ልጅ ሆኜ ነበር። ቤት ስጠርግ ለውሻዋ ቬሎ መንገድ እለቃለሁ። ቴሌቪዥኑን ስወለውል ሽማግሌውን «ይቅርታ አባቴ» እላለሁ። ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ፣ ብቻዬን፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ ከንፈሬ ፈገግ ሲል ራሴን አገኘዋለሁ።

አንድ ጥግ ግን አልፍ ነበር። ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ የባለቤቴ ወንበርና ካፖርቱን የሚሰቅልበት ምስማር አለ። ባለቤቴ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበር። ወንበሩን የሠራው በእጁ ነው። ማታ ሲገባ ካፖርቱ ላይ የሱፍ ብናኝ ይዞ ይመጣል፤ እኔ አራግፈዋለሁ፣ እሱ «ተይው፣ ነገም አለ» ይላል። ካፖርቱ አሁንም ምስማሩ ላይ ነው። ቃል እያስቀመጥኩ እዚያ ስደርስ ዞር ብዬ ወደ መኝታ ቤት እገባለሁ።

ቤቱ ሲሞላ ምራቴ አስተዋለች። «እማዬ፣ ያ ጥግ ለምን ባዶ ሆነ?» አለችኝ።

«ባዶ አይደለም። ቦታው ተይዟል» አልኳት።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንግዲያውስ ለእሳቸው አደራ ይስጧቸው። እሳቸው ይጠብቁልዎታል» አለችኝ።

በማግስቱ ብቻዬን ወንበሩ ፊት ቆምኩ። የያዝኩት ቃል በግ ነው፤ «ሆላ»። በጉን ካፖርቱን አለበስኩት። በኋላ እግሮቹ እንዲቆም አድርጌ፣ አንገትጌውን ቀና አድርጌለት፣ ምስማሩ ሥር አስጠጋሁትና ቡሄ የደረሰ ይመስል «ሆ» እያለ እንዲያዜም አደረግኩት። ካፖርቱ ልክክ አለው። ለካስ ባለቤቴ ያን ሁሉ ዓመት ከበግ የወሰደውን ሱፍ ትከሻው ላይ ይዞ ሲመላለስ ኖሮ፣ አሁን የሱፉ ጌታ በጉ ሊያስመልስ መጣ። ይህ ሲመጣልኝ ሳቄ ፈነዳ። እንዲያ የሳቅኩት እሱ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳቄ ሲያልቅ ደንግጬ ዙሪያዬን አየሁ፤ የሚሰማ ሰው ያለ ይመስል። ከዚያ ገባኝ። ከሁሉ ይልቅ በዚህ ነገር የሚስቀው እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ለእሱ ሰጠሁት። «ተቀመጡ» ለማለት «ታኣ» ይባላል፤ ወንበሩ እሱ ሲቀመጥበት ልክ እንዲህ ነበር የሚለው፣ ስለዚህ ቃሉን ወንበሩ ላይ አኖርኩት። አጠገብ «ቢራ» ነው፤ ከወንበሩ ጎን አንድ ጠርሙስ ቢራ አቆምኩ። ባለቤቴ መጠጥ አይቀምስም ነበርና ጠርሙሱን በአግራሞት እያየ ይቀመጣል። ያስቸገረኝ ሞት ነው፤ «ዱአ»። ብዙ ቀን ይዤው ዞርኩ። በመጨረሻ ሙስሊሟ ጎረቤቴ በዚያ ጥግ ቆማ፣ እንደ ለቅሶው ዕለት ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ ዱዓ ስታደርግለት አየኋት። ያ ሥዕል አያስቅም፤ ሳልፈጥረው በፊትም የነበረ ነው።

እንግዲህ የምፈልገው ንግግር ሙሉ ሆነ። «ጋፋ አባን መናኮ ዱኤ፣ ኢሲን ነ ቢራ ቴሰን። ገለቶማ።» ባለቤቴ በሞተ ጊዜ እርስዎ አጠገቤ ተቀመጡ። አመሰግናለሁ። ባል በእነሱ ቋንቋ የቤት አባት ነው የሚባለው። ምራቴ ስታደምጠኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀችኝ። «እማዬ፣ ሲፈልጉት ዓይንዎን ጨፍነው ይግቡ እንጂ ዕቃውን እያዩ አያንብቡ።» እሺ አልኳት። ግን ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ለምን ዓይኔን እጨፍናለሁ? ቴሌቪዥኑን አየት፣ ወንበሩን አየት አድርጌ እናገራለሁ። ይቀላላ።

ምራቴ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። ሆስፒታል አብሬያት አድሬ፣ ሕፃኗን በሱፍ ሻርፕ ጠቅልለን፣ እኔው ይዤ ወደ ቤት መጣን። የእድራችን ሴቶች ደጃፍ ላይ በእልልታ ተቀበሉን። እግዜር ይስጣቸውና እኔ በሌለሁበት ቤቱን አሰናድተው ጠብቀውናል። አሰናድተው ስል፣ ገልብጠው።

በእኛ አገር አራስ በር ሥር አትተኛም፤ የደብረ ብርሃን ንፋስ አጥንት ይገባል። ስለዚህ ከሳሎኑ ጥግ ሁሉ ነፋስ የማያገኘውን መርጠው፣ መጋረጃ ጋርደው፣ አልጋውን ከመኝታ ቤት አውጥተው እዚያ ተክለዋል። ያ ጥግ የባለቤቴ ጥግ ነው። ምግብ ጠረጴዛው መኝታ ቤት ገብቷል። ቴሌቪዥኑ ቁም ሳጥን ላይ ወጥቶ ጨርቅ ለብሷል። ካፖርቱ የለም። ወንበሩ የለም።

«ወንበሩስ?» አልኩ።

«ዕቃ ቤት ነው፣ አልሸጥነውም» አለችኝ ከሁሉም አንደበተ ርቱዓቸው። «ምነው እቴ፣ አራሷን ወንበር ላይ ልታስተኚ አማረሽ?»

ሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅኩ፤ ሕፃን ይዤ ማን ላይ እቆጣለሁ? ምን እንዳገኘኝ የገባኝ በማግስቱ ነው፤ የምራቴ እናት ስትመጣ።

ልጄ ከመናኸሪያ ይዟት መጣ። በአንድ እጇ ቅቤ፣ በሌላው ጩኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ የሞላ ዕቃ አንጠልጥላለች። ከአጥር በሩ ጀምሮ ተቃቀፍን፤ ልጄ ዕቃውን ተቀብሎ ወደ ኋላ ቀረ፤ ሴቶቹ በደጃፉ ላይ ተሰብስበው ያዩናል። የመጀመሪያውን ቃል እኔ እንደምናገር ሁሉም ያውቃል፤ ወሬውን ያሰራጨሁት ራሴ ነኝ። ግቢ፣ ተቀመጪ ልላት ወደ ወንበሩ ቦታ አየሁ። መጋረጃ። ጠረጴዛውን ፈለግኩ፤ የለም። ከቤቴ ዕቃ ቦታውን ያልለቀቀ አጥር በሩና ደጃፉ ብቻ ነው።

«ቢሻን» አልኳት።

ሴትዮዋ ውኃ ልትሰጠኝ ነው ብላ ፊቷ በራ፤ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ግን ተቀመጪ የሚለውን እየፈለግኩ ነው። ደጃፉን አየሁ።

«ሰሬ» አልኳት።

ዞር ብላ ከኋላዋ ውሻ ካለ አየች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ፈጠን ብላ ወደ ቤት ገባች። ያን ጊዜ ልጄ ግድግዳ ይዞ ነበር የሚስቀው። እኔ ሁሉንም ትቼ በጓሮ በኩል ወደ ዕቃ ቤት ሮጥኩ። ወንበሩ ከሰል ጆንያ ላይ ተደፍቷል። አየሁት፤ ቃሉ ወዲያው መጣ። «ታኣ፣ ታኣ» እያልኩ ተመልሼ ስገባ እንግዳዬ ከተቀመጠች ቆይታለች፤ እንዲያውም ሕፃኗን ታቅፋለች። ተቀመጡ ስላት ግራ ገብቷት፣ ከአክብሮት የተነሣ፣ ተነሥታ እንደገና ተቀመጠች።

ምራቴ ከመጋረጃው ጀርባ «ኧረ አታስቁኝ፣ ስፌቴ» ትላለች። በኋላ ጠርታኝ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «ነግሬዎት ነበር። ቤቱ እዚህ አይደለም፣ እርስዎ ውስጥ ነው። እዚያ ማንም ዕቃ አላነሣም። ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

ከዚያ ወዲህ ጨፍኜ መናገር ጀመርኩ። ጠዋት የምራቴ እናት ገንፎ ስታገነፋ አጠገቧ ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቴሌቪዥኑን ከቦታው አግኝቼ፣ «መርቃ» እላለሁ። እሷ ማማሰያዋን አቁማ በጸጥታ ትጠብቀኝና «አሜን» ትላለች። ከሰዓት በኋላ ጨፍኜ ብርድ ነው እላታለሁ፤ «አሜን»። እንጀራ ብይ እላታለሁ፤ «አሜን»። የምጸልይ መስሏታል። ምን ዓይነት ጸሎተኛ ሴት ናት፣ በየደቂቃው ትባርከናለች ብላ ለልጇ ነግራታለች። ምራቴ ልታስረዳት ስትል ከለከልኳት። እውነቱን ለመናገር መከበሬን ወድጄው ነበር።

ዋናውን ንግግር ግን ቀን በቀን አዘገየዋለሁ። ሰው አለ እላለሁ፤ ሕፃኗ ታለቅሳለች እላለሁ። ፈርቼ ነው። እዚያ ጥግ በሐሳቤ ስገባ የማገኘው በግ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጠያቂዎቹ ሄዱ። ልጄ ሥራ ነው። ሕፃኗና እናቷ መጋረጃው ውስጥ ተኝተዋል። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ምንጣፉ ላይ ተዘርግታለች፤ እኛም እዚያው ፀሐይዋ ላይ ተቀምጠን ምስር እንለቅማለን። የእሷ ጣቶች ይፈጥናሉ። ድንገት ያን ውኃ የያዘችበትን እጅ አየሁ። አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም አልኩና ሰፌዱን ከጭኔ አውርጄ ዓይኔን ጨፈንኩ።

በአጥር በሩ ገባሁ። ውሻዋን አለፍኩ። ቴሌቪዥኑ ከቦታው፣ ጠረጴዛው ከቦታው ነው። ሳሎኑ ጥግ መጋረጃ የለም። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ካፖርቱን ከበጉ አስመልሷል፤ ትከሻው ላይ ብናኝ አለ። ላራግፍለት ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ጎኑ ያለውን ጠርሙስ እያየ ቃሌን እስክወስድ ይጠብቃል። አንድ በአንድ ከእሱ እየተቀበልኩ፣ ቀስ እያልኩ ተናገርኩ። ባለቤቴ በሞተ ጊዜ እርስዎ አጠገቤ ተቀመጡ። አመሰግናለሁ።

አሜን አላለችም።

ዓይኔን ስገልጥ ጣቶቿ ምስሩ ውስጥ ቆመዋል። ትክ ብላ ታየኛለች። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ ረጅም ነገር፣ እንደ ክረምት ጎርፍ። እኔ ያን ሁሉ ወር የምናገረውን ሳዘጋጅ፣ እሷ መልስ ይኖራታል ብዬ ለአንዲት ቀን አላሰብኩም ነበር። አንድም ቃል አልያዝኩም። ምራቴ ነቅታ ኖሮ ከመጋረጃው ጀርባ «እማዬ፣ እናቴ የምትለው...» ብላ ጀመረች። እናቷ በአንዲት ቃል ዝም አሰኘቻት። ወደ እኔ ጠጋ አለች፤ አንድ ቃል ትላለች፣ በእጇ ታሳያለች፣ ገብቶኝ እንደሆነ ፊቴን ታያለች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች።

እንዲህ ተረዳኋት። ያን ጊዜ ፍራሹ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ዝም አላለችም ነበር። ስታወራኝ ነው የሰነበተችው። አሁን ሳስበው ዝግ ያለ ድምፅ በጆሮዬ ነበር፤ እኔም ጸሎት ነው ብዬ ይሆናል። ባሏ የሞተው ልጆቿ ገና ሕፃናት ሳሉ ነው። በመንደራቸው የተነገረ ሁሉ ስለሚዞር፣ ለልጆቿም እንዳይከብዳቸው፣ ስለ እሱ ለማንም ተናግራ አታውቅም። እኔን ስታገኝ ግን የምትለው የማይገባኝ፣ ሐዘኗ ግን የሚገባኝ ሴት አገኘች። ሁሉንም ነገረችኝ። ያስጨነቃትን፣ ያናደዳትን፣ የናፈቃትን። ቀልሏት ነው ወደ አገሯ የተመለሰችው።

«የማመሰግንሽ እኔ ነኝ» አለችኝ በመጨረሻ። ይህን ያለማንም እርዳታ ሰማሁት። ቀጥላ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ ጣቷን እያወዛወዘችብኝ፣ «የዚያን ጊዜ አትሰሚም ነበር አይደል?» አለችኝ።

«አንድም» አልኳት፤ በእሷው ቋንቋ፣ ዓይኔን ሳልጨፍን።

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እንባችን እየወረደ ነው የምንስቀው። ከዚያ እንደገና ንገሪኝ ብዬ ለመንኳት። ቃሉ አልነበረኝም፤ ጆሮዬን ጎትቼ፣ ወደ አፏ ጠቁሜ፣ እጄን እንደ መንኮራኩር አሽከረከርኩ። ገባት። ከመጀመሪያው ጀመረች። ባሏ አንድ እግሩ ያነክስ ነበር፤ ይህን ለማስረዳት ተነሥታ ፀሐይዋ ውስጥ እያነከሰች ሄዳ አሳየችኝ። ወተት ሲያፈላ ሁልጊዜ ይገነፍልበት ነበር፤ ይህን ደግሞ ሰፌዱን ድስት አድርጋ አሳየችኝ፤ ምስሩ ግማሹ ተደፋ። እኔም በተራዬ፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በእጄ፣ የእኔ ባለቤት ያንኮራፋ ነበር፤ ሲቀሰቅሱት ግን አልተኛሁም ብሎ ይከራከር ነበር አልኳት። ማንኮራፋት ምን እንደሚባል አላውቅም፤ አንኮራፍቼ አሳየኋት። የእሷም እንደዚያው ነበር መሰለኝ፣ እሷም አንኮራፋች፤ የእሱ ከዚህ ይበልጥ ነበር ብላ እንደገና፣ ጮክ አድርጋ።

መጋረጃው ተገለጠ። ምራቴ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቆማለች። እናቷን በኦሮምኛ ተቆጣች። ወደ እኔ ዞራ፣ «እማዬ፣ እርስዎም እባክዎ፣ ልጅቷ ገና አሁን መተኛቷ ነው» አለችኝ።

ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ምስራችንን መልቀም ጀመርን። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ የምራቴ እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ስለ ባሏ ቀጠለች።